የሰላም ጥናት ማዕከሉና የድሬዳዋ ሰፈሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች በዩኒቨርሲቲ የሰላም ጥናት ማዕከል ውስጥ በማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል የምንሠራ ሰዎች በቀበሌ አዳራሽ፣ በእድር ስብሰባ፣ በትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ባጃጅ ውስጥ የተጠየቅናቸው ናቸው። ገሚሶቹ በትሕትና፣ ገሚሶቹ በቁጣ ቀርበውልናል። በቁጣ የቀረቡት ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ የበለጡ ሆነው ስላገኘናቸው ቃላቸውን አላለሰለስንም።

ሰላም ደግሞ ይጠናል እንዴ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። በድሬዳዋ አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ቀፊራ ገበያ እስኪደርስ ድረስ ስለ ሰላም በአራት ቋንቋ ሊጠየቅ ይችላል፤ ኦሮሞው «ናጋ»፣ ሶማሌው «ነበድ»፣ ሐረሪው «አማን»፣ አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ «ሰላም ነው?» ይለዋል። ቃሉ ከአፍ የማይጠፋ በመሆኑ ትርጉሙም ያለቀለት ይመስላል። ሆኖም «ሰላም ነው» ብለው የሚመልሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ጠብ አለመኖሩን፣ ሌላው ደግሞ ልጁ ሥራ ማግኘቱን ሊያስብ ይችላል። የጥናቱ መነሻም ይኸው ልዩነት ነው።

በዘርፉ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ኖርዌያዊው ዮሐን ጋልቱንግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በኦስሎ የሰላም ምርምር ተቋም ካቋቋሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ ድብደባና ግድያ አለመኖርን «አሉታዊ ሰላም»፣ ፍትሕና እኩል ዕድል የሰፈነበትን ኑሮ ደግሞ «አዎንታዊ ሰላም» ብሎ ለየ፤ ማንም እጁን ሳያነሣባቸው ሰዎች የሚጎዱበትን አሠራርም መዋቅራዊ ጥቃት ብሎ ጠራው። ይህ ሐሳብ ለድሬዳዋ ሰው ሩቅ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ጎርፉ የማንንም ብሔርና ሃይማኖት አልጠየቀም። ነገር ግን ወንዙ ዳር ቤት የሠራው ማን እንደ ነበረ፣ ሌላ ቦታ ያልሠራውም ለምን እንደ ሆነ ከጠየቅን መልሱ ስለ ዝናብ ብቻ ሊሆን አይችልም። የሰላም ጥናት ይህን የመሰለውን ጥያቄ በማስረጃ የሚከታተል የትምህርት ዘርፍ ነው። በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና የደኅንነት ጥናት ተቋሙን እ.ኤ.አ. በ2007 ከከፈተ ወዲህ ዘርፉ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተስፋፍቷል።

ሰፈራችን ውስጥ ጠብ ቢነሣ መጥታችሁ ታስታርቃላችሁ?

አናስታርቅም። ይህን በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈለገው ብዙ ሰው ማዕከሉን እንደ ሽማግሌ ቢሮ ስለሚያየው ነው። ዕርቅ የሚሠራው የሁለቱንም ወገን ዘር፣ ጋብቻ፣ የቆየ ውለታና የቆየ ቂም የሚያውቅ፣ ነገ እዚያው ሰፈር የሚያድር፣ ቃሉ ቢታጠፍ የሚያፍርበት ሰው ነው። ከሌላ ከተማ በምደባ የመጣ መምህር ይህ ሁሉ የለውም፤ ውሉ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የኛ ቦታ ከአስታራቂው ጎን ነው። እንጠይቃለን፣ እናዳምጣለን፣ ሲፈቀድልን እንመዘግባለን፣ በሌላ ሰፈር ተመሳሳይ ጉዳይ እንዴት እንደ ተያዘ ስንጠየቅ እንናገራለን፣ ያገኘነውንም መልሰን እናመጣለን። የመጨረሻው ከሁሉም የከበደ ስለሆነ ወደ ታች ራሱን አስችለን እንመለስበታለን።

ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን ትቶ ሰፈር ውስጥ ምን ይሠራል?

ማስተማሩን አልተወም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለዩኒቨርሲቲዎች ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን በአንድነት ሰጥቷቸዋል። በኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከአዋጁ ይቀድማል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ በ1940ዎቹ መጨረሻ ማስተማር የጀመረው የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የያኔው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የተቀረጸው መምህሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ገበሬው ማሳ ድረስ እንዲሄድ በሚጠይቅ ሥርዓት ነበር። የዘር ምርጥነት ገበሬው ማሳ ላይ እንደሚረጋገጥ ሁሉ፣ ስለ ግጭት የተጻፈ ሐሳብም ግጭቱን ካዩት ሰዎች ፊት ቀርቦ ሊፈተን ይገባዋል።

ድሬዳዋ የፍቅር ከተማ ናት ይባላል፤ ምን የሚጠና ግጭት አለና ነው?

ስሙን ከተማዋ ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ባለመቻሉ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሜዳው ላይ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለች፣ ኦሮሞና ሶማሌ ከሚኖሩበት ምድር ላይ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ዓረብና ሕንዳዊ ነጋዴ የተጨመረባት ከተማ ናት። የከዚራና የመጋላ ሰፈሮች በደቻቱ ቢለያዩም የአንዱ ሰው በሌላው ሲገበያይ ኖሯል። አብሮ መኖሩ እውነት ነው፤ ሰው ሲጋጭ መኖሩም እንዲሁ እውነት ነው፤ አንደኛው ሁለተኛውን አያስተባብልም።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የሁለት ሰው ጠብ የሁለት ወገን የሚሆንበት ቅጽበት ነው። የባጃጅ ተራ ይዘለላል፤ ወይም በጉሊት መደብ ላይ አንዲት እናት የሌላዋን ቦታ ትይዛለች፤ ወይም ሁለት ጎረምሶች በኳስ ሜዳ ይደባደባሉ። እስከዚህ ድረስ የተጋጩት ሰዎች ስም አላቸው፤ የእገሌ ልጅና የእገሊት ልጅ ናቸው። ነገሩ ከሰፈሩ ወጥቶ በስልክ ሲዛመት ግን የሰዎቹ ስም ይጠፋና የብሔር ወይም የሃይማኖት ስም ይተካል፤ «የኛን ልጅ መቱት» ይባላል። ልጁን የማያውቀው ሰው «የኛ» ሲል የሚቆጣው እናቱን ስለሚያውቃት አይደለም። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ቢመጣም የሚያነጋግረው ሰው ያጣል፤ የተጣሉት ሁለቱ ልጆች ተረስተው ለጠቡ አዲስ ባለቤቶች ተገኝተውለታልና። ስለዚህ በሥልጠናዎቻችን ላይ ከምንደጋግማቸው ነገሮች አንዱ የተራ ጠብ ዜና ሲደርስ ቀድሞ የሰዎቹን ስምና ሰፈር መጠየቅ ነው። የሰዎቹን ስም የማያውቅ ወሬ አቀባይ ጠቡንም አያውቀውም።

ሁሉም ግጭት ከታች ይነሣል ማለታችን ግን አይደለም። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ ቦታዎች በደረሰው ግጭት የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎች በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ተጠልለው ነበር። እነዚያ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር በተራ ጠብ ተጣልተው አልመጡም። የእንዲህ ያለው ግጭት ምክንያት በአስተዳደር ወሰን፣ በግጦሽና በውኃ፣ በታጠቁ ኃይሎችና በፖለቲካ ፉክክር ውስጥ የሚፈለግ በመሆኑ፣ «ተቻቻሉ» የሚል ሥልጠና ለተፈናቃይ መስጠት ቢያንስ ማፌዝ ነው ብለን እናምናለን።

በተግባር ምን ትሠራላችሁ?

ሥራው አራት መልክ አለው፤ የሁሉም ክብደት ግን እኩል አይደለም።

በትምህርት ቤቶች የሰላም ክበባትን እናግዛለን። ክበቡ ግጥም ከማንበብና መስከረም 11 የሚውለውን ዓለም አቀፍ የሰላም ቀን ከማክበር አልፎ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ጠብ የሚነጋገሩበት ሲሆን ይሠራል፤ ባንዲራና መፈክር ብቻ ሲሆን አይሠራም። ከእድሮች ጋር የምንሠራው ሥራ ደግሞ በቀላሉ የሚታለፍ ይመስላል እንጂ ጠቃሚ ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ የጋራ የሆነ ሰፈር ለመጣላትም ቢሆን ድስት መካፈል ይኖርበታልና። ሦስተኛው ሰውን ወደሚመለከተው አካል መምራት ነው፤ የመሬት፣ የቀለብ ወይም የውርስ ጉዳይ ይዞ የመጣን ሰው በሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ወዳሉት ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫዎች እንልካለን። እኛ ጠበቃ አይደለንም።

አራተኛውና ትልቁ የባህላዊ ዕርቅ ሥርዓቶችን ከባለቤቶቹ አፍ መሰነድ ነው። ለዚህ ድሬዳዋና ሐረር የሚያህል ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። የኢሳ ሶማሌዎች ያልተጻፈ ሕግ የሆነው ሄር ኢሴ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ አቅራቢነት በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። የኦሮሞ ገዳ ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ2016 በዚያው መዝገብ ገብቷል። የኦሮሞ የሽምግልና ሥርዓት ጃርሱማ፣ የነፍስ ካሳው ጉማ፣ የሐረሪዎች የሐዘንና የሰርግ ማኅበር አፎቻ፣ የአማራውና የጉራጌው እድርና ሽምግልና፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አባቶች ምክር በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ጥያቄው አንዱ ወገን በሄር፣ ሌላው በጃርሱማ የሚዳኝ ሲሆን የትኛው ሥርዓት እንደሚቀድም ነው። ከሽማግሌዎቹ የሰማነው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ በደሉ የተፈጸመበት ቦታ ወግ ይቀድማል ይላሉ፤ ሌሎቹ የተበዳዩ ወገን ወግ ይቀድማል ይላሉ፤ ከሁለቱም ወገን እኩል ሽማግሌ ተቀምጦ ለዚያች ጉዳይ ብቻ የሚሆን ስምምነት የሚያበጅበት ጊዜም አለ። ይህ ሦስተኛው መንገድ በየትኛውም የሕግ መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከሁሉም ይበልጥ ልንማርበት የሚገባን ግን እሱ ይመስለናል።

የሽማግሌ ዕርቅ በሕግ ፊት ይጸናል?

ጉዳዩ ምን እንደሆነ ይለያያል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊታዩ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ቁልፉ ቃል «ፈቃድ» ነው፤ አንደኛው ወገን አልፈልግም ካለ ሽማግሌው ሊያስገድደው አይችልም። በአዋሳኙ ኦሮሚያ ክልል ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የባህል ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና አግኝተዋል፤ አዋጁ ግን የክልሉ ስለሆነ የፌዴራሉ መንግሥት ቻርተር በተሰጣት በድሬዳዋ ውስጥ አይሠራም። ወሰን ዳር የሚኖሩ ሰዎች ይህን ልዩነት ባለማወቅ ሲጉላሉ አይተናል።

ወንጀልን በሚመለከት ነገሩ ጥብቅ ነው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ቀላል ወንጀሎችን ተበዳዩ ታርቆ ሊተዋቸው ይችላል። ሰው ከተገደለ ግን ካሳ ተከፍሎ፣ ደም ደርቆ፣ ቤተሰቡ አብሮ እህል ቢቀምስም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። ብዙ ሰው ይህን «መንግሥት ዕርቃችንን ናቀ» ብሎ ይረዳዋል። ሁለቱ የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ገዳዩ ምን ይገባዋል ይላል፣ ጉማው የቀሩት ሰዎች ነገ በአንድ መንገድ እንዴት ይሂዱ ይላል። አንደኛው ሲሠራ ሌላው ከተተወ ከዓመታት በኋላ የሚመለስ ቂም እንደሚተርፍ ሽማግሌዎች ይነግሩናል፤ እኛም በዚህ ከእነርሱ ጋር እንስማማለን።

ልጅ ተደፍራ ቤተሰብ በሽማግሌ ልጨርስ ቢልስ?

ይህን እንደ ዕርቅ አንቆጥረውም፤ በዕርቅ ስም አንመዘግበውም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘግቷል። ደም ለማድረቅ ሴት ልጅ ለሌላው ወገን የምትሰጥበት ልማድም ሲነገረን የልማዱን ታሪክ እንጽፋለን፤ ዛሬ ሊፈጸም መሆኑን ካወቅን ግን ለፖሊስና ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እናሳውቃለን። ይህን ግዴታችንን ለሽማግሌዎቹ ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት እንነግራቸዋለን። በዚህ የተነሣ እኛን ማነጋገር የተዉ አባቶች አሉ፤ ቅሬታቸውን እናከብራለን፣ አቋማችንን ግን አንለውጥም።

ሴቶች በሸንጎ አይቀመጡም፤ ታዲያ የምታጠኑት የወንዶችን ሰላም አይደለም?

በአንዲት የገበያ ነጋዴ እናት የቀረበ ጥያቄ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ መልስ አላገኘንለትም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የውሳኔ ቁጥር 1325 ሴቶች በሰላም ሥራ ሙሉ ተሳትፎ እንዲኖራቸው ጠይቋል፤ ነገር ግን የኒው ዮርክ ውሳኔ ዛፍ ሥር የሚቀመጠውን ሸንጎ በራሱ አይለውጠውም። የለወጠን የራሳችን ስሕተት ነበር፤ የሸንጎውን ቃል ብቻ ስንሰበስብ ሸንጎው ከመቀመጡ በፊት የሚሠራውን ዕርቅ ስተነዋል። በኦሮሞ ባህል ሲንቄ የሚባለውን ያገባች ሴት የክብር በትር የያዘች ሴት በተጣሉ ወንዶች መካከል ከገባች ጠቡ መቆም አለበት። ከአንዱ ወገን ተወልዳ ለሌላው የተዳረች ሴት ከሁለቱም ቤት ገብታ የምትወጣ ብቸኛ ሰው የምትሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ወንዶቹ ለመነጋገር እስኪስማሙ መልእክት የምታመላልሰው እሷ ናት፤ ሸንጎው ሲቀመጥ ግን ስሟ አይጠራም። አሁን ከእያንዳንዱ የዕርቅ ታሪክ ጋር «ከሸንጎው በፊት ማን ተመላለሰ?» የሚለውን ጥያቄ እናስገባለን።

ስለ ከተማዋ የሥልጣን ድርሻ አቋማችሁ ምንድን ነው?

የከተማዋን ሥልጣን አርባ በመቶ ለኦሮሞ፣ አርባ በመቶ ለሶማሌ፣ ሃያ በመቶ ለሌሎች ስለሚሰጠውና ሕዝቡ «አርባ፣ አርባ፣ ሃያ» እያለ ስለሚጠራው አከፋፈል ያልተጠየቅንበት ስብሰባ የለም ማለት ይቻላል። ማዕከሉ ድርሻው እንዲቀጥል ወይም እንዲቀር አይቀሰቅስም። ተመራማሪዎቻችን ግን አከፋፈሉ በሥራ ቅጥር፣ በመሬት አሰጣጥና በነዋሪው የባለቤትነት ስሜት ላይ ያመጣውን ውጤት ማጥናትና ማሳተም ይችላሉ፤ መምህርም በክፍሉ ሊያወያይበት ይችላል። ዝም ማለትን ገለልተኝነት አድርገን አናየውም። የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ቅርንጫፍ ናችሁ ወይ የሚሉንም አሉ፤ አይደለንም፣ ኮሚሽኑ በራሱ አዋጅ የተቋቋመ ሌላ አካል ነው።

የነገርናችሁ ነገር ፖሊስ ወይም ካድሬ ጋ ይደርሳል?

የተናጋሪው ስም፣ ሥራና ሰፈር ከቃሉ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ድምፅ በስልክ የምንቀዳው አስቀድመን ጠይቀን ነው፤ ሐሳብዎን ከቀየሩም «አጥፉልኝ» ማለት ይችላሉ። ከዚህ የሚወጣው ከላይ የጠቀስነውን የመሰለ በሰው ሕይወትና በሕፃናት ላይ የቀረበ አደጋ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት እንጨምር፦ በድሬዳዋ ብዙ የሚነገረው በአዳራሽ ሳይሆን በበርጫ፣ ማለትም ጫት በሚቃምበት ጨዋታ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ፣ ጫቱ ሲሞቅ የሚወራው ወሬ ጠዋት በአዳራሽ ከሚሰማው አሥር እጥፍ ይጥማል፤ ተመራማሪም ሰው ነውና ይፈተናል። ደንባችን በበርጫ የሰማነውን እንደ ቃለ መጠይቅ አለመቁጠር ነው። በማግሥቱ ጠዋት ተመልሰን «ትናንት ያሉትን ልጻፈው?» ብለን እንጠይቃለን። አብዛኛው ሰው ግማሹን ይፈቅዳል፣ ግማሹን ይስቅና ይተወዋል።

ለስብሰባ አበል ትከፍላላችሁ?

የትራንስፖርት ወጪ እንሸፍናለን፤ ሻይ፣ ውኃና ሳምቡሳ አይጠፋም። የውሎ አበል አንከፍልም። ምክንያቱ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አበል የሚከፈልበት የሰላም ስብሰባ የራሱ ቋሚ ተሰብሳቢዎች አሉት፤ የአንዱን ድርጅት አዳራሽ ለቀው ወደ ሌላው የሚገቡ፣ መልሱን አስቀድመው የሚያውቁ፣ እጃቸውን ለማውጣት የማይቸገሩ ሰዎች ናቸው። የተጣሉት ሰዎች ግን እዚያ የሉም። የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ከእንጀራው ከቀረ የዕለት ገቢውን ማካካስ አለብን የሚል ክርክር በመካከላችን እስካሁን አለ፤ ይህን የሚጽፈው ሰው ማካካሱን ከሚደግፉት ወገን ነው።

ስብሰባ የምንጠራው ፀሐዩ ሲበርድ ነው። ዓርብን ከጁምዓ በፊትና በኋላ፣ እሑድ ጠዋትን እንዲሁም በረመዳን ከሰዓትን እንተዋለን።

ሐረር የሰላም ከተማ ተብላ ተሸልማለች፤ ከሐረር ምን ትማራላችሁ?

ሐረር እ.ኤ.አ. ለ2002 እና 2003 የተሰጠውን የዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት አግኝታለች፤ በግንብ የታጠረው ጥንታዊው ከተማ ጁገልም እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አንድን ከተማ ሰላማዊ ብሎ መሸለም ከዚያ በኋላ ስለ ግጭቶቿ መናገርን ሊያስቸግር ይችላል፤ «የተሸለመች ከተማ ውስጥ እንዴት እንዲህ ይባላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ከሐረር የምንማረው ከሽልማቱ ይልቅ ከአፎቻ ነው። አፎቻ ሐዘንና ሰርግ የሚያገናኘው ማኅበር እንደ መሆኑ፣ የተጣላ አባል ሐዘን ሲደርስ ከተጣላው ሰው ጋር አብሮ መቀመጡ አይቀርም። የሐረሪ ቤት ውስጥም መደቦቹ በደረጃ የተሠሩ በመሆናቸው ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ለዕርቅ የተጠሩ ሰዎች «ቦታዬ ዝቅ ተደረገ» ብለው እንዳይነሡ አስቀድሞ የሚከላከል ነገር በቤቱ አሠራር ውስጥ አለ። የአዳራሽ ስብሰባ ስናዘጋጅ ወንበር በክብ የምናደርገው ሁሉም እኩል ይሁን በሚል ነበር፤ አንዳንድ አዛውንቶች ግን ቦታቸው እንዳልታወቀላቸው ቆጥረውት ቅር ተሰኝተዋል። አሁን አቀማመጡን ለባለቤቶቹ ትተነዋል።

ተማሪዎች እርስ በርስ ሲጋጩ ማዕከሉ የት ነበር?

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪ ሞቷል፣ ብዙዎችም ግቢያቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። የሰላም ጥናት የሚሰጥባቸው ግቢዎችም ከዚህ አላመለጡም፤ ይህን መካድ አይቻልም። በዚያን ጊዜ ተማሪዎችን ወደ ቤታቸው ወስደው ያሳደሩ የከተማ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲ ሰፈሩን ሊያስተምር ይሄዳል ሲባል ሰፈሩ ዩኒቨርሲቲውን ያስተማረበት ጊዜ መኖሩን ያየነው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ ከተማውን በእድርና በቤተሰብ በኩል እንዲተዋወቅ ማድረግ የሥራችን አካል ሆኗል። ጎረቤት የሚያውቀውን ተማሪ ወሬ ብቻ ሰምቶ አያባርረውም።

ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ፤ ለኛ ምን አመጣችሁልን?

ይህ ጥያቄ የሚቀርበው በቁጣ ነው፤ ቁጣውም ይገባናል። አንድ ሽማግሌ ለሦስት ተማሪዎች፣ ለሁለት ድርጅቶችና ለአንድ የውጭ አገር ተመራማሪ ያንኑ ታሪክ ነግሮ አንዳቸውም ካልተመለሱ አራተኛውን የሚቀበለው በትዕግሥቱ ብቻ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ የመመረቂያ ማዕረግ ያገኘው ተማሪው ነው፤ ታሪኩ ግን የሽማግሌው ነው።

ስለዚህ ጥናት ሳይታተም በፊት ወደ ተሰበሰበበት ቦታ ይመለሳል፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ንባቡ ሥነ ሥርዓት ብቻ መስሎን ነበር የጀመርነው። ከመጀመሪያዎቹ ንባቦች በአንዱ ላይ «ካሳው ተከፍሎ ጉዳዩ አለቀ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲነበብ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። ካሳው መከፈሉ እውነት መሆኑን፣ ጉዳዩ ግን ያን ቀን አለማለቁን ተናገሩ። የሁለቱ ቤተሰብ ልጆች ለአንድ ዓመት ተኩል በተለያየ መንገድ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ ጉዳዩ አለቀ የሚባለው እንደገና በአንድ መንገድ መሄድ ሲጀምሩ ነው አሉ። በጥናቱ ላይ ተስተካክሏል። አሁን ከካሳው ቀን በኋላ ያለውን ጊዜም መከታተል የጀመርነው በዚያ ቃል ምክንያት ነው።

የሰላም ሥራ ውጤቱ በምን ይለካል?

ስንት ሰው ሠልጥኗል የሚለው ቁጥር ለበጀት ሪፖርት ይጠቅማል፤ ለሌላ ነገር ብዙም አይጠቅምም። የምንከታተላቸው ምልክቶች ትንንሽ ናቸው። ተጣልተው የነበሩ ነጋዴዎች አንዷ ስትሄድ ዕቃዋን ለሌላዋ «አየት አድርጊልኝ» ብላ ትሄዳለች ወይ? ሰርግ ሲደርስ ጥሪው ወደ ሁለቱም ሰፈር ይሄዳል ወይ? ወሬ ሲደርስ ሰው በመጀመሪያ የሚደውለው ለማን ነው? እነዚህን ለመመዝገብ ጊዜ ይጠይቃል፤ የፕሮጀክት ዘመን አልቆ ገንዘቡ ሲቆም ክትትሉም የሚቆምበት ጊዜ አለ። የሥራችን ትልቁ ድክመት ይህ ነው።

ሰፈራችን ከእናንተ ጋር መሥራት ቢፈልግ ምን ያደርጋል?

እድር፣ አፎቻ፣ የወጣት ማኅበር፣ ትምህርት ቤት ወይም የሃይማኖት ተቋም በደብዳቤ መጠየቅ ይችላል፤ ደብዳቤ መጻፍ ያስቸገረው ሰውም በአካል መጥቶ ቢናገር የምንጽፍለት እኛ ነን። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዎች እንልካለን፤ ከተቻለ አንዷ ሴት ትሆናለች፣ ከሁለቱ አንዳቸው የሰፈሩን ቋንቋ ይናገራሉ። ያን ቀን አንቀዳም፣ ፎቶም አናነሣም። ቀጣዩ ቀጠሮ ይኑር አይኑር የሚወስነው ሰፈሩ ነው።